«ሞቅ አለው» እና «ሰከረ»፦ ስለ ሁለት ቃላት አተረጓጐም የቀረበ ሒስ

በቋንቋ ጥናትና በባህል ጥናት መካከል ያለው ወሰን ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ከሚያስረዱን ቃላት አንዱ «ሞቅታ» ነው። በየጠላ ቤቱ፣ በየሰርጉና በየማኅበሩ ዘወትር የሚሰማ ቃል በመሆኑ ምርመራ ይገባዋል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ስለ ድግስና ስለ መጠጥ የሚጽፉ ተመራማሪዎች፣ የምስክር ቃል የሚመዘግቡ ጸሐፊዎች፣ እንዲሁም ካማርኛ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልሱ ተርጓሚዎች ይህን ቃል ባገኙት ጊዜ «ቀላል ስካር» ከማለት በቀር ሌላ ትርጉም አይፈልጉለትም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ይህ አተረጓጐም የተሳሳተ መሆኑን ነው። በሞቅታና በስካር መካከል ያለው ልዩነት የመጠን ብቻ አይደለም። አንደኛው የጠጪው ቃል ነው፤ ሁለተኛው የተመልካቹ ቃል ነው። ሁለቱን ባንድ ቃል የሚተረጕም ሰው ሳያውቀው ከተመልካቹ ወገን ቆሞ ይፈርዳል።

ይህን ስል ሌላውን ብቻ ለመንቀፍ አይደለም። እኔም በውጭ አገር ለዲግሪ ባቀረብኩት ድርሰት ውስጥ ስለ ጽዋ ማኅበር አንድ ምዕራፍ ነበረኝ። በማስታወሻ ደብተሬ «ሞቅ ብሏቸው ነበር» እያልኩ የጻፍኩትን ሁሉ በዚያ አገር ቋንቋ «ሰክረው ነበር» በሚል ቃል መለስኩት። ድርሰቱን የመረመሩት ሊቃውንት ይህን አንብበው፣ የማኅበር ስብሰባ በጸሎት ተጀምሮ በስካር የሚያልቅ ነገር ነው ብለው ተረዱ። እኔ ግን በዚያ ማኅበር ላይ አንድም የሰከረ ሰው አላየሁም ነበር። ስሕተቱ ከእነርሱ ሳይሆን ከእኔ ነበር፤ በአንድ ቃል ምክንያት ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ መሰከርኩ።

፩

አስቀድመን የቃላቱን ትውልድ እንመልከት። «ሰከረ» ከጥንት የሴም ቋንቋዎች የወረስነው ቃል ነው። በግእዝ ሰክረ፣ በዕብራይስጥ ሻካር፣ በዐረብኛ ሰኪረ ይባላል፤ በአካድ ቋንቋም ሺካሩ የጠላ ዐይነት መጠጥ ስም ነበር። እንግዲህ የዚህ ቃል ሥር ከመጠጡ ጋራ የተሳሰረ ነው። «ሞቀ» ደግሞ በግእዝም በአማርኛም የሙቀት ቃል ነው፤ ፀሐይ፣ እሳት፣ ልብስ ያሞቃል። ከመጠጥ ጋራ ያለው ዝምድና በኋላ የመጣ ነው።

መዝገበ ቃላቶቻችን ይህን የትውልድ ልዩነት በሚገባ ጠብቀውታል። ኢዘንበርግ በ1841 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በለንደን ካሳተመው መዝገበ ቃላት ጀምሮ፣ የአንቷን ዳባዲ (1881)፣ የጉይዲ (1901) እና የኬን (1990) ሥራዎች ለአማርኛ ጥናት ታላቅ ውለታ ውለዋል። በአገራችንም የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.) እና የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) በአበገደ ተራ፣ በሥር በሥር ተደርድረው ይገኛሉ። ይህ አደራደር የቃልን አባትና ልጅ ለማወቅ እጅግ ይጠቅማል። ነገር ግን በአንድ ገበታ ዙሪያ አብረው የሚነገሩትን ቃላት አራርቆ ያስቀምጣቸዋል። ሞቅታ ከሙቀትና ከሙቅ ጋራ በመም ቤት ይቀመጣል፤ ስካር በሳት ቤት ይቀራል። አንድ ጠጪ ሁለቱን ቃላት በአንድ ምሽት፣ አንዱን ስለ ራሱ፣ ሌላውን ስለ ጎረቤቱ መናገሩን ግን በሥር የተደረደረ መዝገብ ሊነግረን አይችልም። ይህ የሊቃውንቱ ጕድለት አይደለም፤ የአደራደሩ ጠባይ ነው። የእኛ ጥፋት ከዚያ የጐደለውን ከሰዉ አነጋገር ፈልገን አለመሙላታችን ነው።

፪

አሁን ወደ አገባቡ እንግባ። «ሰከረ» ስንል ባለቤቱ ሰውዬው ነው፤ «እርሱ ሰከረ» እንላለን። «ሞቅ አለው» ስንል ግን ሰውዬው ባለቤት መሆኑ ይቀርና ነገሩ የደረሰበት ተሳቢ ይሆናል፤ ባለቤቱም ሳይጠራ ይቀራል። ይህ አገባብ በአማርኛ የታወቀ ነው፤ ራበው፣ ጠማው፣ በረደው፣ ደከመው፣ ደስ አለው የምንለው ሁሉ በዚህ መንገድ የሚሄድ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ለጥናታችን ይልቁን የሚጠቅመው «ደስ አለው» ነው። ደስ አለው ከሚለው «ደስታ» እንደ ወጣ፣ ሞቅ አለው ከሚለውም «ሞቅታ» ወጣ። ዝምታ፣ ፈገግታ፣ እሺታ ሁሉ «አለ» ከሚለው ግሥ ጋራ ከሚጣመሩ ቃላት የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ ሞቅታ በአወጣጡ የደስታ ወንድም እንጂ የስካር ልጅ አይደለም።

«ሞቅ ማለት ጥቂት መሞቅ ነው፤ እንግዲህ ሞቅታ ጥቂት ስካር ቢባል ምን ይጐዳል?» የሚል ሰው ይኖራል። በእርግጥ ጠቆር አለ፣ ረዘም አለ፣ ቀዝቀዝ አለ እንደምንል ይህ አነጋገር የነገሩን መጠን ያሳንሳል። ነገር ግን አማርኛ ጥቂት ስካርን ለመናገር ሲፈልግ ራሱን የቻለ ቃል አለው፤ ይኸውም «ሰከር ብሏል» የሚለው ነው። «ሰከር ብሏል» እና «ሞቅ ብሎታል» በመጠን ሊተካከሉ ይችላሉ። ሆኖም በመጀመሪያው ሰውዬው ባለቤት ነው፤ በሁለተኛው ተሳቢ ነው። መጠኑ አንድ ሆኖ አገባቡ ከተለየ፣ ልዩነቱ የመጠን አለመሆኑ ግልጽ ነው።

ሁለተኛ ማስረጃ እንጨምር። ሰርጉ ሞቀ፣ ገበያው ሞቅ አለ፣ ጨዋታው ሞቅ ሞቅ አለ እንላለን። ሰርጉ ሰከረ፣ ገበያው ሰከረ የሚል ግን የለም። ሞቅታ ከአንዱ ሰው አልፎ ስብሰባውን ሁሉ የሚይዝ ነገር ነው፤ ስካር ግን በአንድ ሰው ላይ ብቻ ያርፋል። ሦስተኛም ከስካር «ሰካራም» የሚል የነውር ስም ይወጣል፤ ውሸታምና እንቅልፋም እንደሚባለው ጠባይን የሚያመለክት ነው። ከሞቅታ ግን እንዲህ ያለ ስም አልወጣም። ሞቅታ የሚመጣና የሚሄድ ነገር ስለሆነ የሰው መጠሪያ ሊሆን አልቻለም።

አራተኛውና ዋናው ማስረጃ ተናጋሪው ማን ነው የሚለው ነው። በማንኛውም የጠላ ቤት ምሽት «ሞቅ ብሎኛል» የሚል ሰው ይሰማል። «ሰክሬአለሁ» የሚል ግን የሚገኘው በማግስቱ፣ ያውም «ትናንት ሰክሬ ነበር» በሚል የኀላፊ ጊዜ ንግግር ነው፤ ያን ጊዜ ሰውዬው ራሱ ለትናንት ማንነቱ ተመልካች ሆኗል። በምሽቱ የሚሰማው «አልሰከርኩም» የሚለው ነው፤ ይህም ሌላው ሰው «ሰክረሃል» ስላለው የሚሰጠው መልስ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሌላ ጥንድ ቃል ነገሩን ያብራራልናል። «አመመው» እና «ታመመ» ሁለቱም ስለ በሽታ ይነገራሉ፤ ነገር ግን አመመው የሚለው ሰውዬው በውስጡ የሚሰማውን ይነግራል፤ ታመመ የሚለው ሰዎች የሚያዩትንና የሚሰይሙትን ሁኔታ ይነግራል። ሞቅ አለው ለሰከረ፣ አመመው ለታመመ እንደሆነው ነው።

፫

ይህ ልዩነት በቃላት ብቻ የቀረ አይደለም፤ በአጠጣጡ ሥርዐት ውስጥም ይታያል። ጠላ ከጌሾ፣ ከብቅልና ከእህል ተጠንስሶ የሚጠመቅ ቀላል መጠጥ ነው። ጠጪው ብዙ ሰዓት ተቀምጦ በዝግታ ይጠጣዋል። ጠጅም በብርሌ እየተቀዳ በጨዋታ መካከል የሚጠጣ ነው። በእነዚህ መጠጦች ሞቅታና ስካር ተራርቀው ይኖራሉ፤ በመካከላቸው ሰፊ ጊዜ አለ። አዝማሪ የሚያዜመው፣ ሽማግሌ የሚመርቀው፣ የተቀያየሙት የሚታረቁት፣ ፎካሪው የሚነሣው በዚህ መካከለኛ ጊዜ ነው። አረቄ በመጣ ጊዜ ግን ይህ ርቀት ይጠባል፤ ይልቁንም ዳግም አረቄ ሰውየው ሞቅ ሳይለው የሚሰክር እስኪመስል ድረስ ያፋጥነዋል። ስለዚህ ስለ መጠጥ የሚያጠና ሰው ከሚጠጣው ብዛት ይልቅ በሞቅታና በስካር መካከል ስላለው ጊዜ ቢጠይቅ የበለጠ ይረዳል።

በቀድሞው ዘመን በነገሥታትና በመኳንንት ግብር ላይ ሰው በማዕርጉ ተራ ተቀምጦ ይበላና ይጠጣ ነበር። ምግቡ ካለቀ በኋላ ወታደሩ በጌታው ፊት ተነሥቶ ይፎክር ነበር፤ ያደረገውን ይቈጥራል፤ ሊያደርግ የሚያስበውንም ይናገራል። ይህን ሰው የአገሩ አነጋገር «ወኔው ተነሣ፣ ደሙ ሞቀ» ይለዋል እንጂ ሰከረ አይለውም። ሰከረ ቢባል ፉከራው ዋጋ ያጣል፤ የሰካራም ንግግር ነውና። ሞቀው ከተባለ ግን የተናገረው ቃል ይቈጠርበታል። እዚህ ላይ የቃሉ ምርጫ የተነገረውን ነገር የማጽናት ወይም የመሻር ኀይል አለው።

ከ1769 እስከ 1771 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአገራችን የቈየው ጀምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የጐንደርን ድግስ ሲገልጽ የገበታውን መጨረሻ በልቅነት መልክ ሥሎታል። ያየውን በታማኝነት ጽፎት ይሆናል ብንል እንኳ፣ የጻፈው ከተመልካቹ ወንበር ተቀምጦ ነው። በገበታው ላይ የነበሩት ሰዎች ያን ሁኔታ በምን ቃል ይጠሩት እንደ ነበር አይነግረንም። ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች በዚሁ ወንበር ተቀመጡ። እኛም ወንበሩን ወርሰናል።

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለዚህ አሳብ ጥሩ ምስክር ነው። አነጋገሩ ባለቤት ያደረገው ብቅልን ነው፤ ሰውዬው አልተጠቀሰም። ብቅል የሚያወጣውም ውሸት ሳይሆን ተሸሽጎ የኖረ እውነት ነው። እንግዲህ ሕዝቡ ሞቅ ብሎት የተናገረውን ሰው ያምነዋል፤ ሰክሮ የተናገረውን ግን «ስካሩ ነው የተናገረው» ብሎ ይተወዋል።

፬

ተመልካች በስካር የሚፈርድበት፣ በውስጡ ያለው ሰው ግን በሌላ ስም የሚጠራው ሁኔታ በቅዱስ መጽሐፍም ተጽፏል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ሐና ድምፅዋ ሳይሰማ በጸለየች ጊዜ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው፤ እርስዋ ግን መጠጥ አልቀመስኩም፤ ኀዘኔን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰስኩ አለችው። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ ሁለት፣ መንፈስ ቅዱስ በወረደ ጊዜ አንዳንዶች ደቀ መዛሙርቱን ጠጥተዋል ብለው ዘበቱባቸው። የ1954 ዓ.ም. አማርኛ ትርጉም እዚህ ላይ «ጉሽ» የሚለውን የጠማቂዎች ቃል መምረጡ ያስደንቃል፤ ገና ያልጠራውን መጠጥ የአገራችን ሰው በዚህ ስም ያውቀዋልና። ቅዱስ ጴጥሮስም የመለሰው ከሰዓቱ ተነሥቶ ነው፤ ገና ከቀኑ ሦስት ሰዓት ነው አለ። በሁለቱም ታሪክ ተመልካቹ ተሳስቷል፤ የተሳሳተውም ያየውን ነገር ስላላየ ሳይሆን የውስጡን ስላልጠየቀ ነው።

፭

በዚህ አሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። እያንዳንዳቸውም እውነት አለባቸው።

አንደኛው፣ ሞቅታ የትሕትና ቃል ብቻ ነው የሚለው ነው። ስለ አንድ የተከበሩ ሰው ስንናገር «ሞቅ ብሏቸዋል» እንላለን እንጂ «ሰክረዋል» ለማለት እንፈራለን፤ ስለ ድኻው ግን ያለ ሐሳብ «ሰክሯል» እንላለን። ይህ እውነት ነው፤ ነውርም አለበት። ሴትም ስትሆን ቃሉ ምሕረቱን ያጣል፤ «ሞቅ ብሏታል» የሚለው ለወንዱ ይቅርታ ሆኖ ሳለ ለሴቲቱ ወቀሳ ሆኖ ሲነገር እንሰማለን። ነገር ግን ይህ ሁሉ አሳቤን አያፈርሰውም፤ ይልቁንም ያጸናዋል። ለከበረው ሰው ሞቅታን የምንሰጠው፣ እርሱ ራሱን በሚጠራበት ቃል ልንጠራው ስለምንገደድ ነው። ድኻውንና ሴቲቱን ግን ስለ ራሳቸው እንዲናገሩ ሳንጠይቅ እኛ እንሰይማቸዋለን። የቃሉ አሰጣጥ የማን ቃል እንደሚሰማና የማን ቃል እንደማይሰማ ያሳያል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጫት ይመጣል። «መረቀነ» ስንል ሰውዬው ባለቤት ነው፤ ሆኖም በቃሚዎች ዘንድ ምርቃና የሚወደድና የሚፈለግ ሁኔታ ነው። እንግዲህ ባለቤት መሆን ወቀሳን አያስከትልም ማለት ነው። ይህን እቀበላለሁ። አገባቡ የሚነግረን ስለ ወቀሳ ሳይሆን ስለ አሰያየም ነው፤ መርቃኙ ሆነ ብሎ የተቀመጠበትን ሁኔታ ራሱም ጓደኞቹም በአንድ ስም ይጠሩታል። በዚህ አጋጣሚ ምርቃናን ከምርቃት ጋራ ለማዛመድ የሚቸኵሉትን ላስጠንቅቅ። በወሎ በዱዓ ጊዜ ጫትና ምርቃት አብረው መገኘታቸው ነገሩን ያስመስለዋል። ነገር ግን ቃሉ በኦሮምኛና በሶማልኛም በተቀራራቢ ድምፅ የሚነገር ስለሆነ፣ በአማርኛ መልክ መመሳሰል ብቻ ትውልዱን መቍረጥ አይገባም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከጋዜጣ አማርኛ የሚነሣ ነው። ዛሬ «በሞቅታ የተወሰነ ውሳኔ»፣ «የመድረክ ሞቅታ» ሲባል እንሰማለን፤ ይህም የተመልካች ንግግር ነው፤ ነቀፋም ነው። እውነት ነው፤ ስሙ ከግሡ ርቆ መጓዝ ጀምሯል። «ሞቅ አለኝ» የሚለው ግሥ ገና በጠጪው አፍ ሲኖር፣ «ሞቅታ» የሚለው ስም ወደ ተመልካቹ እጅ እያለፈ ነው። «አሟሟቂ» የሚለውም እንዲሁ፤ ጨዋታ የሚያደምቀውን ሰው ይጠራ የነበረው ቃል ዛሬ ቍጥር ለማብዛት በሰልፍ የሚቆመውን ለመንቀፍ ይነገራል። ስለዚህ መዝገበ ቃላት ግሡንና ስሙን ለየብቻ መርምሮ ሊጽፋቸው ይገባል። ደግሞም «ስካሩ በረደለት» ማለታችን የሙቀት ቋንቋ ወደ ስካር ቤት መግባቱን ያሳያልና ወሰኑ ፈጽሞ የተዘጋ ነው አልልም።

፮

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን ለማሳየት ወደ ፍርድ ቤት እንሂድ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፣ እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም፣ አንድ ሰው ሆነ ብሎ ወይም በጥፋቱ ራሱን አስክሮ ኀላፊነቱን ያጣበትን ሁኔታ ከሌላው ለይተው ይመለከቱታል። እንግዲህ ምስክሩ «ሞቅ ብሎት ነበር» ያለውን ጸሐፊው «ሰክሮ ነበር» ብሎ ቢመዘግበው፣ በሕግ ፊት ሌላ ነገር ተነገረ ማለት ነው። ምስክሩ የተናገረው ሰውዬው ልቡ ሳይጠፋ ስሜቱ መነሣቱን ሊሆን ይችላል፤ በመዝገቡ የሚነበበው ግን ልቡ የጠፋ ሰው ነው። እንደ ነገሩ ሁኔታ ይህ ተከሳሹን ሊጐዳ ወይም ያለ አግባብ ሊጠቅም ይችላል። በሽምግልናም እንዲሁ ነው። በዳዩ «ሞቅ ብሎኝ ነው» ይላል፤ ተበዳዩ «ሰክሮ ነው» ይላል፤ የሽማግሎቹ ሥራ ግማሹ በሁለቱ ቃላት መካከል መቆም ነው።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ቀላል ነው። የመስክ ማስታወሻ የሚጽፍ ተማሪ፣ ትርጉም ከመስጠቱ በፊት የተነገረውን የአማርኛ ቃል እንዳለ ይጻፍ፤ ከአጠገቡም ማን እንደ ተናገረው፣ ስለ ማን እንደ ተናገረው፣ ስለ ራሱ ወይስ ስለ ሌላ ሰው፣ በምሽቱ ወይስ በማግስቱ እንደ ሆነ ያመልክት። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅም ሰው «ሞቅ አለው» የሚለውን ከሙቀት ጋራ ብቻ ሳይሆን ከደስ አለው፣ ከሰከር አለና ከሰከረ ጋራ አስተያይቶ ያሳይ። ወደ ውጭ ቋንቋ የሚመልስም አንድ ቃል ካላገኘለት፣ ሁለት ወይም ሦስት ቃል ይጠቀም፤ አጭር ሐሰት ከመጻፍ ረዥም እውነት መጻፍ ይሻላል።

በዘመናችን ወጣቶች ከስካር በኋላ ያለውን የማግስቱን ሕመም «የዞረ ድምር» ይሉታል፤ ቃሉን ከሒሳብ መዝገብ ወስደውታል። ትናንት ያልተከፈለው ዛሬ ወደ ዐዲሱ ገጽ ተሻግሮ ይጻፋል ማለት ነው። እኔም በዚያ ድርሰቴ በማኅበሩ ሰዎች ስም ያለ አግባብ የጻፍኩት አንድ ቃል አለብኝ። በዚያ ቀን ከጽዋው ጠጥተው፣ ተመራርቀው፣ ለሚቀጥለው ወር ተረኛውን ሰይመው በሰላም ወደየቤታቸው የሄዱትን ሰዎች ሰከሩ ብዬ ጽፌአለሁ። ሰዎቹ ግን አልሰከሩም ነበር፤ ሞቅ ብሏቸው ነበር።